ቴፑ ነው የተበላሸው

ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ፣ ከጎማ ጥገናው አለፍ ብሎ፣ የወንዳወቅ ሱቅ አለች። ሱቅ ትባል እንጂ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚያወራባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ካውያ፣ ብቻ ገመድ ያለው ነገር ሁሉ ሆዱ ተከፍቶ እዚያ ይተኛል። እታለም ያን ከባድ ቴፕ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ፣ ባጃጅ ውስጥ ታቅፋው ስትመጣ ወንዳወቅ ከሩቅ ያያትና የያዘውን መፍቻ ያስቀምጣል።

«ደኅና ዋሉ እትየ። የኔታ ደግሞ ምን አገኙበት?»

«ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል አሉ።»

«ባለፈውም እኮ ቀጭኑን ነበር።»

«አሁንም ቀጭኑን ነው ልጄ።»

ወንዳወቅ ቴፑን ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ ይሰቅለዋል። አይከፍተውም። ጥቂት ቀን አቆይቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ፊቱን በጨርቅ ወልውሎ ይመልስላታል። ቴፑ ምንም እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። የተበላሸው የባሏ፣ የየኔታ ይሄይስ ጆሮ ነው። ይህን ነገር ፊት ለፊት ለየኔታ የሚነግር ሰው ግን በዚያች ከተማ ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም እታለም አፉን ትይዘዋለች።

ቤተሰቡ ቴፕ ይበለው እንጂ ካሴት የሚጎርሰው አፉ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ሬዲዮ ይይዛል፣ ፍላሽ ይቀበላል፣ ድምፁን አጉልቶ በሽቦ ወደ ሁለት ትልልቅ ሳጥኖች ይልካል። ወንዳወቅ በሙያው ቋንቋ አምፕሊፋየር ይለዋል። ያስገዛችው እታለም ናት፤ ጊደር ሸጣ። የኔታ ይሄይስ የዜማ መምህር ናቸው፤ ወንበር ዘርግተው ድጓ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ። ጉሮሯቸው ገና ትኩስ በነበረበት ዘመን ተማሪዎቹ ለምነው፣ ለምነው፣ ዜማውን በራሳቸው ድምፅ አስቀድተዋቸው ነበር። ቴፑ የተገዛው ያን ለመስማት ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የኔታ ከቴፑ ፊት ይቀመጡና የወጣትነት ድምፃቸውን እየሰሙ የዛሬውን ያርማሉ። «እዚች ላይ ቸኩያለሁ» ይላሉ። «እዚችን ደግሞ ዛሬ አልደርስባትም» ይላሉ። ሰው በመስታወት ፊቱን እንደሚያየው ነበር የሚያዩት።

እታለም የደጋ ዳሞት ልጅ ናት። ከፈረስ ቤት ወጣ ካለ መንደር ተወልዳ፣ ገብስ እያጨደች ላም እያለበች ያደገች። ከባሏ መጀመሪያ ያወቀችው ድምፃቸውን ነው። በልጃገረድነቷ ለንግሥ በዓል ከሴቶቹ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆማ ሳለ ከውስጥ አንድ ድምፅ ተነሣ። ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ከዚያ ወዲያ መድረሻ የለውም ከተባለበት ላይ ቆሞ ቀስ ብሎ ወረደ። እታለም የጎረቤት ሕፃን ታቅፋ ነበር፤ ክንዷ ላልቶ ልትጥለው ምንም አልቀራት። የሕፃኑ እናት በቁጣ ቀምታታለች። ይህን እስካሁን ስታወራው ትስቃለች። «በልጅ ነፍስ ላይ ነው ያገባሁት» ትላለች። በዓመቱ ሽማግሌ ተላከ፤ ዓመት ሳይሞላ ተዳሩ፤ ቀጥሎም ደብሩ በመምህርነት ሲቀጥራቸው ጠቅልለው ፍኖተ ሰላም ገቡ። ማርያማዊትን ወለዱ። ሌላ አልወለዱም፤ የተማሪው ጫጫታ ግን ቤታቸውን ባዶ አድርጎት አያውቅም።

ቴፑ መጀመሪያ የተበላሸ ጊዜ በእርግጥም ተበላሽቶ ነበር። አንደኛው ሳጥን ጭጭ አለ። ወንዳወቅ ያኔ እንደ ወጉ ነው የሠራው። የግራውን ሳጥን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውሮ ሞከረ፤ ሳጥኖቹ ደኅና መሆናቸውን አረጋገጠ። ሽቦውን ቀየረ፤ ሽቦውም አይደለም። ከዚያ ከፈተው። ውስጡ የበረሮ መንደር ሆኗል። ድምፅ መጨመሪያው ሥር አንድ ብየዳ ተፍቆ ለቅቋል፤ እሱን በየደ፣ ቁልፉን በአልኮል አጠበ፣ በረሮውን አራገፈ። ድምፁን ሲለቀው ሱቁን አናጋው። እታለም አመስግና፣ መርቃው ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች።

የኔታ ተቀምጠው አደመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወፍራሙ መጥቷል። ቀጭኑ የለም።»

ቴፑ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ወንዳወቅ እንደገና ከፈተው፤ ምንም አላገኘም። ምናልባት የመብራቱ መዋዠቅ ይሆናል ብሎ በሦስተኛው ራሱ ቤታቸው መጣ፤ የግድግዳውን ሶኬት ለካ፣ የሳጥኖቹን አቀማመጥ አስተካከለ፣ ፍላሹን አጽድቶ ሰካ። ዜማው ወጣ። እታለም ደጅ ላይ ቆማ ሰማችው፤ ያ የፈረስ ቤቱ ድምፅ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣ ሽቅብ እየወጣ። ደረቷ ሞቅ አለ። ዞር ስትል የኔታ ጣታቸውን ወደ ቴፑ ቀስረዋል።

«ይኸውልህ፣ ልክ እዚህ ላይ። እዚህ ሲደርስ ይጠፋል። ሰማኸው?»

ድምፁ ግን በዚያ ሰዓት ቤቱን ሞልቶት ነበር። ወንዳወቅ የኔታን አየ፤ ቀጥሎ እታለምን አየ። «ሰማሁት የኔታ» አለ፤ ሌላ ምን ይበል?

እታለም እስከ አጥሩ ሸኘችው።

«እትየ፣ ቴፑ ደኅና ነው» አላት መሬት መሬት እያየ።

«ደኅና መሆኑን ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያስ የኔታን ሐኪም...»

«ወንዳወቅ» አለችው፣ እጁን ይዛ። «ለሰው እንዳትናገር። ለእሳቸውም እንዳትናገር። ቴፑ ነው የተበላሸው። ዕቃ ጎድሎበታል፣ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ነው በል። የዜማ መምህር ጆሮው ሄደ ከተባለ ወንበሩ ሄደ፣ ወንበሩ ከሄደ ሰውየው የለም። እኔ እኒህን ሰው በቁማቸው አልቀብርም።»

ወንዳወቅ እሺ አለ። እናቱ የምትሆን ሴት እጁን ይዛ ስትለምነው እንዴት እምቢ ይላል?

የአገራችንን ይሉኝታ መቼም እናውቀዋለን። ጎረቤታችን ቤቱ ሲነድ ብናይ እንኳ መጀመሪያ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀን ነው ወደ እሳቱ ጉዳይ የምንመጣ። ለትልቅ ሰው ጉድለቱን መንገር ስድብ ነው፤ ለመምህር ሲሆን ደግሞ ከስድብም ያልፋል። ስለዚህ ጉድለቱን ወስደን አንድ የማይናገር ዕቃ ላይ እንለጥፈዋለን። እታለምን ብቻዋን መውቀስ አይቻልም። ተማሪዎቹም ያውቁ ነበር። በማኅሌት የቀኙ ጨርሶ ተራው የግራው ሲሆን፣ ከጎናቸው የሚቆመው መሪጌታ ቴዎፍሎስ የነጠላቸውን ጫፍ ሳብ ያደርጋል፤ የኔታ ያነሣሉ። ማንም ምንም አላለም። ካህናቱም አዩ፤ ዝም አሉ። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው በአንድ ሽማግሌ ዙሪያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቆመ።

የእታለም ሥራ ግን ከሁሉ የከበደ ነበር። እንግዳ ሲመጣ የኔታ አፏን ማየት የሚችሉበት ቦታ ትቀመጣለች። እንግዳው አንድ ነገር ሲጠይቅ ጥያቄውን እንደ ራሷ ወሬ አድርጋ ትደግመዋለች። «እውነትም እኮ፣ የዘንድሮው በቆሎ እንዴት ነው ይላሉ የኔታ?» ትላለች፣ ከንፈሯን እያጎላች። የኔታ ይመልሳሉ፤ እንግዳው ምንም ሳይጠረጥር ይሄዳል። ማርያማዊት ከቡሬ ስትደውል ስልኩን እሷ ታነሣለች። «አባየን ስጭኝ» ስትባል «ጸሎት ላይ ናቸው» ትላለች፤ ለልጅቱ አባቷ በዓለም ላይ እንደሳቸው የሚጸልይ የሌለ እስኪመስላት ድረስ። ጠዋት ጠዋት የትራሱን ጨርቅ ታጥባለች፤ በሚተኙበት በኩል ቢጫ እርጥበት ታገኝበት ነበር። «ላብ ነው» አለቻቸው አንድ ቀን ሲያዩት። ለራሷም ላብ ነው ብላ ነገረች።

አንድ ቀን ብቻ ልትናገር ነበር። እንዳለው የሚባል ከደምበጫ ወዲያ የመጣ ጎበዝ ተማሪ ነበራቸው፤ ብዙ ዓመት የቆየ፣ ለመምህርነት የተቃረበ። ያን ቀን ቁጭ ብሎ ዜማውን ሲያሰማቸው የኔታ አስቆሙት። «ጫፉን አፍህ ውስጥ አስቀረኸው።» ደገመው። አሁንም «አስቀረኸው» አሉት። እንዳለው ደም ሥሩ እስኪገተር ጮኸ፤ እታለም ከጓዳ ሆና ሰማችው፤ ጫፉ ጥርት ብሎ ወጥቷል። «ሰነፍ ሆነሃል። እኔን ለማታለል ነው የምትሞክር» አሉት፤ በቁጣ ነበር፣ ድሮ እንዲህ አይቆጡም። እንዳለው ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ፤ በማግስቱም ዳዊቱንና አኩፋዳውን ይዞ ወደ ፈረስ ቤት ወደ ሌላ መምህር ሄደ። እሱም ቢሆን «የኔታ፣ ጆሮዎ ነው» አላለም። እታለም እስከ መንገዱ ስንቅ ይዛ ሸኘችው። አፏን ከፍታ ነበር። «ልጄ፣ አትቀየማቸው፣ ደክሟቸው ነው» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ መጣ። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ያለችው ትንሿ መንገድ ባሕር የማቋረጥ ያህል ሆነች። ኔትወርክም ጠፋ። ማርያማዊት በቡሬ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ወራት ሙሉ እናት አባቷን ሳታይ ቆየች። መንገዱ ቀና ሲል መጣች። አባቷ ከስተዋል፤ ወሬ ቀንሰዋል፤ ፈገግታ ግን አብዝተዋል፤ የሚሉት ሲጠፋቸው የሚስቁት ዓይነት ፈገግታ። ልጅቱ እርጅና መሰላት። ቴፑ ደግሞ እንደገና ወንዳወቅ ዘንድ ነበር።

«እማየ፣ ስንት ጊዜ ታሠሪዋለሽ? አሮጌ ነው፤ በቃው። አዲስ ይገዛ።»

«አዲስ ምን ያደርግልናል? የድሮው ብረት ነው። የአሁኑን አየሁት፣ ሲያነሡት እንደ ባዶ ሣጥን ነው።»

«ቢሆንስ? ይሰማል አይደል?»

«የእኛውም ይሠራል። አንድ ዕቃ ብቻ ነው የጎደለበት።»

ማርያማዊት እናቷን ታውቃታለች፤ ነገር ስትሸሽ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ አሁንም እያስተካከለች ነበር። ልጅቱ ግን እናቴ ቆጥባ ነው፣ እኔን ላለማስቸገር ነው ብላ ተረጐመችው። ቀጥ ብላ ወንዳወቅ ዘንድ ሄደች።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

ወንዳወቅ ያን ቀን ምን ብሎ እንደመለሰ ቆይቶ ራሱ ለሰው ሲናገር ያፍር ነበር። ይሠራል ቢል፣ ታዲያ ለምን ትመላለሳለች ልትል ነው። አይሠራም ቢል አዲስ ልትገዛ ነው። አዲስ ከተገዛ ደግሞ ቴፑ ላይ የተለጠፈው ነገር ሁሉ ተላጦ ሊወድቅ ነው። ብዙ አሰበ። ከዚያ እጁን አሻሸና «ይሠራል አይባልም፣ አይሠራም አይባልም» አለ።

«ይህማ አይሠራም ማለት ነው» አለችና ሄደች።

እታለም ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣች። ለልጇ ልንገራት ትልና ትተወዋለች። ነግራት፣ ልጅቱ ደግሞ የከተማ ሥራ የለመደች ናት፣ በቀጥታ «አባየ፣ አይሰሙም እኮ» ብትላቸውስ? አዲሱ መጥቶ እንደ አሮጌው «ቀጭኑ የለም» ካሉስ? ከዚያ ወዲያ የሚወቀስ ዕቃ የለም። ሁለት ቴፕ በአንድ በሽታ አይታመምም፤ ይህን የኔታ አያጡትም። ለዚህ ነው አሮጌውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ስታመላልሰው የኖረችው። እሱ እስካለ ድረስ ጥፋቱ የእሱ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ማርያማዊት አዲሱን ይዛ ከቡሬ መጣች። ከፊቱ የሚጨፍር ቀይና ሰማያዊ መብራት አለው። የኔታ መብራቱን አይተው «ይህ ደግሞ ለሠርግ ነው» ብለው ቀለዱ። ወንዳወቅ ተጠርቶ መጣ፤ አሮጌውን ወደ ጥግ ገፋ፣ አዲሱን በቦታው አደረገ፣ ሳጥኖቹን አገናኘ፣ ያን ፍላሽ ሰካ።

ዜማው ወጣ። እውነት ለመናገር አዲሱ ከአሮጌው ይበልጥ ነበር፤ የዘማሪው ትንፋሽ እንኳ ይሰማ ነበር። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እታለም ቴፑን አላየችም፤ ፊታቸውን ነው ያየች። ያቺን የራስ መነቅነቅ ጠበቀች። የመጀመሪያው ጫፍ መጣ፤ አልነቀነቁም። ሁለተኛው መጣ፤ አልነቀነቁም። ይልቅስ ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሣና መቋሚያ እንደያዘ እጅ ከፍ፣ ዝቅ እያለ ዜማውን ይከተል ጀመር። ከንፈራቸው ላይ የድሮው ፈገግታ መጣ።

እታለም በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት የተደሰተችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለካ እውነትም ቴፑ ኖሯል! ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ነኝ ሰውየውን በልቤ ያደነቆርኋቸው! እንባዋ መጣ። እግዜርን፣ እመቤቴን አመሰገነች፤ ልጇን፣ የቡሬን ነጋዴ ሁሉ በልቧ መረቀች።

መብራት ጠፋ።

ቀን ስለነበር ቤቱ አልጨለመም። ድምፁ ብቻ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ ያ የሚጨፍረው ብርሃን ሞተ። ጎረቤት «ውይ ወሰዱት!» ሲል ተሰማ። ደጅ ዶሮ ጮኸ። የየኔታ እጅ ግን አልቆመም። ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። ከፍ አለ፤ ትንሽ ተንሳፍፎ ቆየ፤ ዝቅ አለ። ዓይናቸው እንደተጨፈነ፣ ፈገግታቸው እንዳለ ነው።

ማርያማዊት የሞተውን መብራት አየች፤ የአባቷን እጅ አየች። ወንዳወቅ ወለሉን አየ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የየኔታ እጅ ብቻ ይሄዳል። እታለም ያን ዜማ ከልጃገረድነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በልቧ ተከተለችው። እጁ አልተሳሳተም። ማረፍ ባለበት ያርፋል፣ መነሣት ባለበት ይነሣል። ሰውየው ከጆሯቸው ሳይሆን ከራሳቸው ውስጥ ነበር የሚሰሙት፤ ቴፑ ይናገር፣ አይናገር ለእሳቸው ልዩነት አልነበረውም። ማንም አላስቆማቸውም። ዜማው በእሳቸው ውስጥ እስኪያልቅ ድረስ ሦስቱም ቆመው ጠበቁ።

ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። ድምፅ ማለት ይኸ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እታለም ዞሩ። «ያንን አሮጌ እንግዲህ አታመላልሺው። ለድካም ነው።»

እታለም ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። አዲሱ እንደ አሮጌው ሆኖባቸዋል። ቀጭኑ ድምፅ እዚህም የለም። ሁለት ቴፕ በአንድ በሽታ እንደማይታመም አውቀዋል፤ አውቀውም ለልጃቸው ስጦታ ሲሉ፣ ለእሷም ሲሉ ደብቀዋል። እሷ ስትዋሽላቸው የኖረችው ሰውየ በተራቸው መዋሸት ጀመሩ።

ማርያማዊት እናቷን ወደ ጓሮ ጎተተቻት።

«እማየ፣ ታውቂ ኑረሻል?»

እታለም ነጠላዋን አስተካከለች።

«ታውቂ ኑረሻል! አንቺ፣ ወንዳወቅ፣ ሁላችሁም! ከመቼ ጀምሮ?»

«መጀመሪያ ቴፑ የተበላሸ ጊዜ።»

«ኧረ እማየ! ምነው ለእኔ እንኳ?»

«ምን ብየ ልንገርሽ? አባትሽ አይሰሙም ብየ? እንዲህ ያለ ነገር በምን አፍ ይወጣል?» አለችና እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ማርያማዊትም አለቀሰች፤ ግን በማግስቱ ሥራዋን አስፈቅዳ ሦስቱም ባሕር ዳር ሄዱ። የኔታ «ለምርመራ ነው፣ ዕድሜ ስለሆነ» ተባሉ። ምን ምርመራ ብለው አልጠየቁም። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት መስኮቱን እያዩ፣ የዱርቤቴ ገበያ ሲደርሱ «በግ ረክሷል መሰል» ብለው፣ መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በመብራት ጆሯቸውን አየች፤ ሁለቱንም ደጋግማ አየች፤ በመሣሪያ ለካች። የኔታን ከውጭ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጣ እናትና ልጅን አስገባች።

«ከጆሯቸው ፈሳሽ ይወጣ ነበር?»

ማርያማዊት አላውቅም ልትል ነበር። እታለም ናት የመለሰች። «ትራሳቸው ላይ አገኝ ነበር። አጥበው ነበር።»

«ለስንት ጊዜ ያህል?»

«መንገዱ ሳይዘጋ በፊት። ኧረ ከዚያም በፊት።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረቻቸው። ከጆሯቸው ታምቡር ጀርባ ቁስል አለ። የቆየ ቁስል ነው፤ ሕመም አይሰጥም፣ ውስጥ ውስጡን ግን አጥንት ይበላል። ወደ ራስ እንዳያልፍ አሁን መታከም አለበት። መስማቱን በመሣሪያ ትንሽ ይደግፉታል፤ ሰው ሲናገር ለመረዳት ያህል። ዜማ ለመለየት ግን አይሆንም።

«ሲጀምር ቢመጡ ኖሮ» አለች፤ «መድኃኒትና ቀላል ቀዶ ጥገና ይበቃቸው ነበር። ያኔ አብዛኛው መስማታቸው ይተርፍ ነበር።»

እታለም ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማችም። ያን ሁሉ ጊዜ ቴፑን ታቅፋ የተመላለሰችበት መንገድ ፊቷ ላይ መጣ። በዚያ ባጃጅ ላይ ማስቀመጥ የነበረባት ሌላ ሰው ኖሯል። ቴፑን ባዳነች ቁጥር እሳቸውን እየገደለች ነበር፤ ይህን ለራሷ የነገረች እሷው ናት፣ ሐኪሟ እንዲህ አላለችም። ማርያማዊት የመድኃኒቱን ወረቀት ለመቀበል እዚያው ቆየች፤ እታለም ብቻዋን ወጣች።

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፤ ገበሬው ከነበትሩ፣ እናቶች ከነሕፃናቸው። የኔታ አግዳሚው ጫፍ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ተነሡ።

«ምን አሉሽ?»

ጎንበስ ብላ በጆሯቸው በኩል «ቀስ ብየ እነግርዎታለሁ» አለች። አልሰሙም።

«ምን?»

«ቤት እንሂድ፤ ቤት እነግርዎታለሁ።»

«አልሰማሁሽም እታለም። ምን አሉ?»

ይህን ቃል ከአፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ያን ሁሉ ዓመት «ቴፑ» ሲሉ፣ «ተማሪው» ሲሉ፣ «መብራቱ» ሲሉ የኖሩ ሰውየ፣ አልሰማሁሽም አሉ። ከእንግዲህ የሚሸሹበት የለም፤ እሷም የምትሸሽበት የለም። በሹክሹክታ እንኳ ልታወጣው ያልቻለችው ነገር አሁን በጩኸት ካልሆነ የማይነገር ሆነ። እታለም ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች።

«ቴፑ ደኅና ነበር!» ብላ ጮኸች። ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። «ደኅና ነበር የኔታ! ጆሮዎ ነው! ቀድመን ብንመጣ ይድን ነበር! አውቅ ነበር! አውቄ ነው ዝም ያልሁ!»

አንድ ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ። የኔታ ይሄይስ አፏን አፏን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸውን በሚመለከቷቸው ሰዎች ላይ ቀስ ብለው አዞሩና፣ ከትከሻዋ የወደቀውን ነጠላ አንሥተው እንደገና አለበሷት።

«ዝግ በይ እታለም» አሏት። «ሰው ይሰማል።»